ያዛነፍነው ምንጭ

ጋሽ አዳሙ ያረፉ ዕለት ጠዋት ስልኬ ላይ ሁለት መልእክት ተከታትሎ ገባ። የመጀመሪያው ከእህታቸው ልጅ ነበር፤ «አጎቴ ዐረፈ። ቀብሩ ነገ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው» ይላል። ሁለተኛውን የጻፈው ሰው አይደለም። የጥናታችንን መረጃ ያስቀመጥንበት ድረ ገጽ በየዓመቱ በራሱ የሚልከው ነው፤ ለእሳቸው ተጽፎ ለእኔ በግልባጭ የደረሰ። «የተከበሩ አዳሙ፤ የዚህ መረጃ ኃላፊ አሁንም እርስዎ ነዎት? ከሆኑ ከታች ያለውን ይጫኑ።»

ንፋስ መውጫ መናኸሪያ በር ላይ ቆሜ ነበር። ባጃጆቹ ጡሩንባ ይነፋሉ፣ ረዳቱ «ደብረ ታቦር! ደብረ ታቦር!» እያለ ይጣራል፣ እኔ ስልኬን ይዤ ደርቄያለሁ። ለመጀመሪያው መልእክት ማልቀስ እንዳለብኝ ገብቶኛል። ለሁለተኛው ግን ምን እንደሚባል አላወቅሁም። ኃላፊው አሁንም እሳቸው ናቸው? ካልሆኑስ ማን ነው? ከእሳቸው ጋር በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ እንዲህ ነበር የምሆነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ልመልስ ስነሳ ውሉ የጠፋ ልቃቂት ይሆንብኛል።

የተዋወቅነው በምንጮች ጥናት ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያሉ ምንጮች የት እንደሚፈልቁ፣ በየትኛው ወር እንደሚነጥፉ፣ ማን ማን እንደሚቀዳባቸው የሚመዘግብ ፕሮጀክት ነበር። እሳቸው ጥናቱን ይመራሉ። እኔ የተሰበሰበውን ኮምፒውተር ላይ አደራጅቼ ድረ ገጽ ላይ አወጣለሁ። ቢሯችን ንፋስ መውጫ ውስጥ የተከራየነው ቤት ነው፤ ክረምት ሲገባ ጉሙ በር ከፍቶ ሊገባ ይደርሳል።

ጋሽ አዳሙ ቀጭን፣ ረዥም፣ ካፖርታቸው ከትከሻቸው የማይወርድ ሰው ነበሩ። የእስቴ ተወላጅ ናቸው። በልጅነታቸው የዜማውን መጽሐፍ ድጓን ሊማሩ ጋይንት ቤተ ልሔም ገብተው፣ ሳይጨርሱ ወደ አስኳላ የዞሩ ናቸው። ዜማው ግን ከእጃቸው አልወጣም፤ ሲያስቡ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ቀስ እያለ ይመታል። የራሳቸው ቢሮ ውስጥ፣ የራሳቸው ወንበር ፊት ቆመው «ልቀመጥ?» ይላሉ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ካልመለሱላቸው ቆመው ይቀራሉ እንጂ አይቀመጡም።

ሌላዋ ቃላቸው «ተጠይቋል?» የምትል ነበረች። አንድ ጊዜ ለድረ ገጹ ፊት የሚሆን ፎቶ መርጬ አሳየኋቸው። አንዲት ሴት ምንጭ ላይ ጎንበስ ብላ እንስራ ስትሞላ ነው፤ ብርሃኑ ያምራል።

«ተጠይቃለች?» አሉኝ።

«ማን?»

«ሴትዮዋ።»

«ጋሼ፣ የሚታየው እኮ ጀርባዋ ነው።»

«ለጀርባዋስ ባለቤቱ ማን ነው?» አሉና መነጽራቸውን አውልቀው የጆሮውን ዘንግ ነከስ አደረጉ። ግራ ሲገባቸው እንዲህ ነው። ፎቶው ቀረ። የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ዶክተር ሲሳይ ይህን ሲሰሙ «እኚህ ሰውዬ ዝናብንም ለመመዝገብ ፈቃድ ሊጠይቁ ነው!» ብለው ሳቁ። እኔም ከእሳቸው ጋር ሳቅሁ። ፎቶዋ ሳትጠየቅ የተለጠፈችው የአክስቴ ልጅ ብትሆን ግን እስቃለሁ ወይ ብዬ ደግሞ ወዲያው ሳቄን ዋጥሁት።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከስማዳ ነው።

በጋ ነበር። በታች ጋይንት አድርገን ወረድንና ገደል አፋፍ ላይ ከተቀመጠች መንደር ደረስን። እዚያ የመንደሩ ሁሉ እናት የሆኑ እመት የሺሐረግ የሚባሉ አሮጊት አሉ። ጋሽ አዳሙ ደጃፋቸው ላይ ቆመው «ልቀመጥ?» ሲሉ እመት የሺሐረግ ትክ ብለው አዩዋቸው፤ ከዚያ መደቡን በእጃቸው ጠርገው «ተቀመጥ» አሉ። ጥሎባቸው ወደዷቸው መሰለኝ።

ጨዋታው ተጀምሮ ስለ ውሃ ሲመጣ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ምንጭ ነበረን፤ ደርቋል» አሉ።

መንደሩ ግን በውሃ ጥም የደረቀ መንደር አይመስልም። የጓሮው ጌሾ አረንጓዴ ነው። ጋሽ አዳሙ ጌሾውን አዩ። ብዙ ቆይተው እመት የሺሐረግ ራሳቸው ተናገሩ።

«ብነግርህ አንተ ለማን ትነግራለህ?»

«ለዓለም ሁሉ ነው እመት። ኢንተርኔት በሚባለው ይወጣል። የፈለገ ሁሉ ያየዋል።» እንዲህ ናቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ይሸፋፍነው ነበር።

«ዓለም ስማዳ ውስጥ ምን አለው?» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ወዲያው ጠፋ። «ስማኝ ልጄ። በድርቁ ጊዜ ከሸንተረሩ ማዶ ያሉት ከብታቸውን ነድተው መጡብን። እኛም ጠምቶናል፣ እነሱም ጠምቷቸዋል። በዚያች ውሃ ላይ ወንድሜ በዱላ ሞተ። ከዚያ ወዲህ አፏን በድንጋይ ገጠምንና ደርቃለች አልን። ማዶዎቹም አመኑ፤ ገደሉ ሥር በሌላ አፍ መውጣቷን አያውቁም። በየተራችን ተደብቀን እንቀዳለን። ውሸት ነው፤ ኃጢአት ነው፤ ግን ሰው አልሞተም።»

ምንጯን አሳዩን። ገደሉ ሥር፣ ከቋጥኝ ጥላ ውስጥ፣ በድንጋይ ከተከደነ አፍ ቀዝቃዛ ውሃ ይወርዳል። በጋ ከክረምት አትነጥፍም። ጋሽ አዳሙ ቦታዋን ለማንም እንዳይናገሩ ቃል ገቡ። እኔም አብሬ ቃል ገባሁ፤ ማንም ባይጠይቀኝም።

ስንመለስ ቢሮው ጦር ሜዳ ሆነ። ለጥናቱ ገንዘብ የሰጠው ድርጅት መረጃው በሙሉ፣ ለሁሉም፣ በነፃ ድረ ገጽ ላይ እንዲወጣ ውል አስፈርሟል። ጋሽ አዳሙ የስማዳዋ ምንጭ ትቅር አሉ። ዶክተር ሲሳይ ጠረጴዛ መቱ።

«አንዷን ካስቀራችሁ ሌላውስ? ማነው የሚመርጠው? ይሄ በሕዝብ ስም የተሠራ ጥናት ነው። ውሃ የሌለው ሕዝብ ውሃ የት እንዳለ ማወቅ የለበትም?»

«አለበት» አሉ ጋሽ አዳሙ።

«እንግዲያስ?»

«የነገሩንም ሰዎች ሕዝብ ናቸው።»

ሁለቱንም ሳዳምጥ ሁለቱም ልክ ናቸው። ዶክተር ሲሳይ ሲናገሩ በልቤ «እውነት ነው» እላለሁ፤ ጋሽ አዳሙ ሲመልሱም «እውነት ነው» እላለሁ።

በመጨረሻ መሃል መንገድ የመሰለ ነገር ተገኘ። የሁሉንም ምንጮች የጂፒኤስ ነጥብ ትንሽ ትንሽ እናዛንፋለን፤ አንዱን ወደ ምሥራቅ፣ አንዱን ወደ ደቡብ። አካባቢው ይታወቃል፣ ትክክለኛው አፍ አይታወቅም። ይህም የተደበቀ አይሆንም፤ መረጃው ከሰፈረበት ሠንጠረዥ ጋር በተለየ ፋይል ማብራሪያ ይያያዛል። ማብራሪያውን ጋሽ አዳሙ ራሳቸው በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፉት። «እነዚህ ነጥቦች ሆን ተብሎ ተዛንፈዋል። ለመቆፈር አይሆኑም። ቦታውን የሚፈልግ የአገሩን ሰው ይጠይቅ» የሚል ነበር። ነጥቦቹን ያዛነፍኋቸው እኔ ነኝ፤ ኮምፒውተሩ በአንድ ትእዛዝ ጨረሰው። አወጣነው። ሁላችንም ደስ አለን።

ከጊዜ በኋላ ኢንተርኔት ላይ ሌላ ነገር ስፈልግ የኛን ምንጮች ሌላ ድረ ገጽ ላይ አገኘኋቸው። ከየአገሩ መረጃ እየለቀመ ካርታ የሚሠራ ገጽ ነው። ጋይንት፣ ስማዳ፣ እስቴ በሰማያዊ ነጥብ አሸብርቀዋል። ሥራችን ሰው ዘንድ ደረሰ ብዬ እየሮጥሁ ጋሽ አዳሙን ጠራኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩ፤ ነጥቦቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ነካኳቸው። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ትዕግሥት ልጄ፣ የኔ ጽሑፍ የት አለ?»

ፈለግሁ። የለም። ሠንጠረዡን ወስደው ማብራሪያውን ትተውታል። ክፋት አይደለም፤ የሚለቅመው ማሽን ነው፣ ማሽኑ የሚያውቀው ሠንጠረዥ ብቻ ነው።

«ድጓ ላይ ከቃሉ በላይ ምልክት አለ» አሉ ቀስ ብለው። «ዜማውን የሚነግርሽ እሱ ነው። ምልክቱን ፍቀሽ ቃሉን ብትሰጪኝ አነበዋለሁ፤ ግን ልክ ነው ብዬ የተሳሳተ ዜማ አዜማለሁ።»

ለገጹ ባለቤቶች ጻፍን። «መልእክትዎ ደርሶናል» የሚል መልስ መጣ፤ እሱንም ማሽን ነው የላከው። እንደገና ጻፍን። ከዚያ ካርታ ላይ ደግሞ ሌላ ገጽ ገልብጦ አገኘን፤ ለእሱም ጻፍን። ማን ለማን እንደሚመልስ፣ የመጀመሪያው ባለቤት ማን እንደሆነ፣ እኛ ራሳችን ባለቤት ነን ወይ የሚለው ሁሉ ተደበላለቀብኝ። በዚህ መሃል በክልሉ ኢንተርኔት ተቋረጠ። አንድ ሳምንት ይቆያል ስንል ወራት ሆነ። ገጾቹ ይታረሙ አይታረሙ ማየት አልቻልንም። ጋሽ አዳሙ በየጠዋቱ ቢሮ ይመጣሉ፣ «መጣ?» ይሉኛል፣ «አልመጣም» እላለሁ፣ «ልቀመጥ?» ይላሉ።

ኢንተርኔቱ ሳይመለስ ወሬው በእግር መጣ። አንድ የእርዳታ ድርጅት ካርታውን ቀደም ብሎ ስልኩ ላይ ጭኖ ስማዳ ወርዷል። በጋ የማትነጥፍ ምንጭ ካለች ከሥሯ ብዙ ውሃ አለ ብለው ጉድጓድ ሊቆፍሩ ተነሱ። ነጥቧ ያረፈችው ከሸንተረሩ ማዶ፣ አያ ደሳለኝ የሚባሉ ገበሬ የገብስ ማሳ መሃል ላይ ነበር። ምንጭ አይታይም። ቆፋሪዎቹም «ተደፍና ይሆናል፣ ከሥር ግን አለች» አሉ። የማዶው ሰው ዘመን ሙሉ ጀሪካን አዝሎ ወንዝ የሚወርድ ነው፤ ደስ አለው። አያ ደሳለኝ ማሳቸውን ፈቅደው ሰጡ። ሕዝቡ ድንጋይ ተሸከመ፣ አሸዋ አጋዘ፣ በግ አረደ። ገብሱ ተረጋገጠ፣ አፈሩ ተገለበጠ። የተገኘው ደረቅ ዓለት ነው።

ጋሽ አዳሙ ይህን ሲሰሙ አልጮሁም። ካፖርታቸውን አስተካከሉና «ሄጄ ልንገራቸው» አሉ።

«ምን ብለው?» አልኋቸው።

«ነጥቡን ያዛነፍሁት እኔ ነኝ ብዬ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካህኑን አስፈቅደው ሕዝቡ ፊት ቆሙ። ቤተ ክርስቲያኑ የሸንተረሩን ወዲህና ወዲያ ማዶ የሚያገናኝ ነው፤ ሁለቱም ወገን አለ። እኔ ከጥዱ ሥር ቆሜያለሁ። ጋሽ አዳሙ ስለ ካርታው፣ ስለ ማዛነፉ፣ ስለ ጠፋው ማብራሪያ በሚገባ ቋንቋ ተናገሩ። «ቆፋሪዎቹ አልዋሹም። የተሳሳተውን ነጥብ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ» አሉ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

አያ ደሳለኝ ከሰው መሃል ወጡ። ጎልማሳ፣ ድምፃቸው የለዘበ ሰው ናቸው።

«ጌታዬ፣ እንግዲያስ ምንጯ የለችም ማለት ነው?»

«አለች።»

«የት?»

ጋሽ አዳሙ መነጽራቸውን አወለቁ።

«የት ናት?»

«መናገር አልችልም። ቃል አለብኝ።»

ያን ጊዜ የተነሳው ጉርምርምታ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። አንዱ «ውሃም ምሥጢር ሆነ?» አለ። ጀርባዋ በጀሪካን ገመድ የጠቆረ አንዲት ሴት ፊታቸው ድረስ መጣች። «እኛ ወንዝ ስንወርድ ወገባችን ተቆረጠ። እርስዎ ምንጭ ያውቃሉ፣ ግን አይናገሩም። ምን ዓይነት ሰው ነዎት?» አለቻቸው። ከኋላ ደግሞ «በልቶበት ነው!» የሚል ተሰማ።

ጋሽ አዳሙ ቆመው ተሰደቡ። ከሴቶቹ መሃል እመት የሺሐረግን አየኋቸው። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው መሬት መሬት ያያሉ። ጋሽ አዳሙ አንድም ጊዜ ወደዚያ ዞር አላሉም። ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ እሳቸውን ብቻ አላዩም። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። «እዚያው ገደሉ ሥር ናት! እኚህ እናት ያውቃሉ!» ልል ነበር። አንዴ ጀሪካን ያዘለችውን ሳይ ልናገር እላለሁ፣ አንዴ በዱላ የሞተውን ሳስብ ምላሴ ይታሰራል። ዝም አልሁ። ዝምታዬ ታማኝነት ይሁን ፍርሃት እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ መታገሥ አልቻልሁም።

«ለምን አልነገሯቸውም? ሰው ይጠማል እኮ ጋሼ!»

«አውቃለሁ።»

«ከተናገሩስ ይጋደላሉ?»

«እሱንም አላውቅም። ያ የድሮ ነው፤ ዛሬ ላይጋደሉ ይችላሉ።»

«ታዲያ ትክክሉ የቱ ነው?»

መነጽራቸው እጃቸው ላይ ነበር። «ልጄ፣ ባውቀው ኖሮ እንዲህ እሆን ነበር?» አሉኝ። እስከዚያ ቀን እሳቸው ያውቃሉ፣ ግራ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። በዚያች መልስ መሬቱ ከሥሬ የሸሸ መሰለኝ፤ ደግሞም ከዚያ በፊት እንደዚያ ቀን ወድጃቸው አላውቅም።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ መረጃውን እንደ አዲስ ሠራነው። ነጥቦቹን በሙሉ ሰረዝንና የቀበሌውን ስም ብቻ አስቀረን። ማብራሪያውም በተለየ ፋይል መሆኑ ቀረ፤ ማንም ሲገለብጥ እንዳይጥለው በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ ተጻፈ። የጋሽ አዳሙ ሐሳብ ነው። ዶክተር ሲሳይ «ሠንጠረዡን የጸሎት መጽሐፍ አደረጋችሁት» ብለው ተቆጡ፤ ግን ፈረሙ። የመጀመሪያው ካርታ ታረመ። ከእሱ የተገለበጡት አልታረሙም። ዛሬም አንዱ ገጽ ላይ በአያ ደሳለኝ ማሳ መሃል ሰማያዊ ነጥብ አለች። «ሰው ሲሞት ይቀበራል» ይሉ ነበር ጋሽ አዳሙ፣ «ይህ ግን መቃብር የለውም።»

ከዚያ እሑድ በኋላ ወደ ስማዳ ለመውረድ ፊት አልነበራቸውም። መጀመሪያ የማዶው ሰው ጠላቸው፣ ቀጥሎ ቢሮው ሸሻቸው፣ በመጨረሻ ጡረታ ወጡ። መካነ ኢየሱስ ሆነው አልፎ አልፎ ንፋስ መውጫ ብቅ ይላሉ። ከእነዚያ ቀናት በአንዱ ንፋስ መውጫ ገበያ ዳር አብረን ስንሄድ አንድ ሰው ጆንያ ተሸክሞ ከፊታችን ቆመ። አያ ደሳለኝ ናቸው። ጋሽ አዳሙ ክው አሉ፤ እጃቸው ወደ መነጽራቸው ሄደ።

አያ ደሳለኝ ግን ጆንያቸውን አውርደው እጅ ነሱ። «እዚህ የተዳረች ልጄ ወልዳ፣ ለገንፎ የሚሆን ገብስ ይዤ መጣሁ» አሉ። እንኳን ማርያም ማረቻት ተባለ፣ ስለ ጤና ተጠያየቅን። የሚቀጥለውን ሁላችንም እየፈራን ቆምን።

«ውሃ አገኘን እኮ» አሉ አያ ደሳለኝ በድንገት።

ጋሽ አዳሙ «ተመስገን» አሉ፤ ከየት ብለው አልጠየቁም። እኔ ግን አልቻልሁም።

«ከየት አገኛችሁ?»

አያ ደሳለኝ ግራና ቀኝ አዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሱን እንኳ አልነግርሽም እኅቴ። አንዲት እናት ማሳዬ መጥፋቱን አይተው፣ በተራ ግባ አሉኝ። ለኔና ለጎረቤቶቼ። እንዳንናገር ተገዝተናል።» ከዚያ ወደ ጋሽ አዳሙ ዞሩ፤ ፊታቸው ላይ ማፈርም ኩራትም ነበር። «እርስዎም አይቀየሙኝ። የተማሩ ሰው ነዎት፤ ካወቁ ይጽፉታል።»

ገበያው ይንጫጫል። ጋሽ አዳሙን አየኋቸው። አሁን ይናገራሉ፣ «እኔ እኮ ነኝ የደበቅሁት፣ የተሰደብሁትም ለዚያች ውሃ ነው» ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። ቢናገሩ ማን ይፈርድባቸዋል?

«ደግ አደረጉ አያ ደሳለኝ» አሉ። «አይንገሩኝ። ለማንም አይንገሩ።»

ከዚያ ጎንበስ ብለው ጆንያውን በአንድ ጫፉ ያዙ። አያ ደሳለኝ «ኧረ በማርያም፣ ይተዉት!» እያሉ ቢከላከሉም አልሰሙም፤ ሌላውን ጫፍ አያ ደሳለኝ ያዙና ሁለቱ ሰዎች ገብሱን አንጠልጥለው ወደ አራሷ ቤት መንገድ ጀመሩ። እኔ ከኋላ ቀረሁ። የጋሽ አዳሙ ትከሻ ካፖርቱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ ከኋላ ሆኜ ማወቅ አልቻልሁም፤ ቀድሜ ፊታቸውን ለማየትም አልደፈርሁም።